የመቅደላ ቅርስ ቢመለስ ማረፊያው ደሴ፣ ጎንደር ወይስ አዲስ አበባ?

ደሴዬው፦ ሰላም ጎበዝ። ትናንት ቡና ላይ የተነሳ ክርክር ነው፤ በረካው አለቀ፣ ክርክሩ አላለቀም። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ከመቅደላ የወሰዱት ቅርስ ቢመለስ የት ይቀመጥ? እኔ ደሴ ባይ ነኝ። አጼ ቴዎድሮስ የሞቱት ወሎ ምድር ላይ፣ ዕቃው የተዘረፈውም ወሎ ምድር ላይ። ሁሉ ነገር አዲስ አበባ የሚገባው ለምንድን ነው?

የደላንታዋ፦ የእኛን አገር ዘለልከው! ያ ሁሉ ዕቃ በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ተጭኖ መጥቶ በሐራጅ የተሸጠው ደላንታ ሜዳ ላይ ነው። ገንዘቡን ወታደሩ ተከፋፈለው። የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሳይቀር ገዢ ሆኖ ቆሞ ነበር።

የጎንደሩ አማች፦ ከወሎ ባገባም እውነቱን ልናገር። ከብራናውና ከንዋየ ቅድሳቱ ብዙው የመቅደላ አልነበረም። ቴዎድሮስ በ1859 ጎንደርን ሲያስመዘብሩ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ያስጫኑት ነው። መቅደላ ላይ መድኃኔዓለምን ሊያሠሩ አስበው። ወደ ባለቤቱ ይመለስ ካላችሁ ጎንደርም ባለጉዳይ ናት።

ደሴዬው፦ አማቻችን፣ ንጉሥ ከአገሩ ሰብስቦ አገሩ ውስጥ ማስቀመጡና ባሕር ማሻገር አንድ ነው እንዴ?

የጎንደሩ አማች፦ አንድ አይደለም። ለተነጠቀው ቄስ ግን ያው ነው።

ኮምቦልቼው፦ አብሽሩ፣ ገና አልመጣም እኮ! በ2010 የለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ለረጅም ጊዜ በውሰት ልስጣችሁ ነበር ያለው። በሬህን ወስዶ እርሻ ሲደርስ የሚያውስህ ጎረቤት በሉት። ደግሞ የደሴው ሙዚየም በ2014ቱ ጦርነት መዘረፉን ረሳችሁት? ይህን የምለው ደሴን ጠልቼ አይደለም።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጆቼ፣ ታቦቱን ለይታችሁ ተከራከሩ። ብሪቲሽ ሙዚየም 11 ታቦት አለ፤ የሙዚየሙ ሠራተኛ እንኳ አያየውም። ታቦት መቅደስ እንጂ ሙዚየም አይገባም፣ የትም ከተማ ቢሆን። ብራናው ሌላ ነው። እሱ የሚያነበው ተማሪ ይፈልጋል።

ደሴዬው፦ እሺ ጋሼ፣ እርስዎ ካሉ ታቦቱን ከክርክሩ አወጣሁ። ዘውዱንና ብራናውን ግን አለቅም።

የደላንታዋ፦ ሴባስቶፖል መድፍ ማንም ሳይወስደው እዚያው መቅደላ አምባ ላይ ተቀምጧል። ከመካከላችሁ ሄዶ ያየው ማነው?

ደሴዬው፦ እኔ አላየሁትም። ከተንታ ከተማ በእግር ስንት ሰዓት ይፈጃል?