የግልገል ዓባይ መግቢያ ይዘጋ፦ የጋራ ዕቅዱ ረቂቅ ላይ አስተያየት ስጡ

ሰብሳቢ፦ የዓሣ አስጋሪ ማኅበራችንን ረቂቅ አስቀምጫለሁ። ከሐምሌ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ ግልገል ዓባይ ወንዝ ጣና ሐይቅን በሚቀላቀልበት አካባቢ ማንም መረብ አይጥልም፣ አባልም ቢሆን። ሞኖ የሚባለውን ስስ የናይሎን መረብ ይዞ የተገኘ አባል ይሰረዛል። ለመዝናናት በመንጠቆ የሚያጠምደውም ፈቃድ ያውጣ፣ በእነዚያ ወራት ነጭ ዓሣ ከያዘ ይልቀቅ። ለጥበቃ ባለ ሞተሯ ጀልባችን ትመደባለች። ግብርና ጽሕፈት ቤት እስከ ዓርብ ይጠብቀናል።

ከቁንዝላ፦ ጀልባዋ የት ነው የምታድረው?

ከዘጌ፦ ዘጌ ነዋ።

ከቁንዝላ፦ ለምን? ሞኖ የሚጣለው ሌሊት ነው። ከዘጌ ተነሥታ እስክትደርስ መረቡ ተነሥቶ ዓሣው ተጭኗል። እኛ ጋ ትደር።

ከዘጌ፦ እናንተ ጋ ያደረችው የፊተኛዋ ጀልባ ሞተር ምን እንደ ሆነ እዚህ ያለ ሁሉ ያውቃል።

ከቁንዝላ፦ ይህን ቃልህን መልስ! ሞተሩን የነካው ከእኛ ወገን እንዳልሆነ ሽማግሌ ተቀምጦበት ያለቀ ነገር ነው። እኛንም ሌባ ካላችሁ ብቻችሁን ጠብቁ፣ መዋጯችንንም መልሱ።

ባሕር ዳር፣ ወጣቶች፦ ኧረ ወደ ዓሣው ተመለሱ። በ1983 እና በ1993 መካከል የጣና ነጭ ዓሣ በሦስት አራተኛ መቀነሱ በጥናት ታውቋል፤ ያኔ ሞኖ እንደ ዛሬው አልበዛም። ነጭ ዓሣ ክረምት ሲገባ መግቢያው ላይ ይሰበሰባል፣ ከዚያ እንቁላሉን የሚጥልበት ጠጠርና ንጹሕ ውሃ ፍለጋ ወንዙን ሽቅብ ይወጣል። ተሰብስቦ ሳለ ነው መረብ የሚዘረጋበት፤ የምትያዘውም እንቁላል የያዘች እናት ናት። 15 ያህሉ ዝርያ ከጣና በቀር በዓለም የትም የለም። እኛ ካጠፋነው ከሌላ ሐይቅ አምጥቶ የሚተካው የለም። ጀልባዋ የፈለገችበት ትደር።

ከዘጌ፦ የፈለገችበት አይባልም። የማኅበር ንብረት ነው።

ነጋዴ፦ እኔ ግን ስለ ፍልሰታ ልጠይቅ። ከነሐሴ 1 እስከ 16 ነው ምግብ ቤቱ ሁሉ ፊሌቶ አምጪ የሚለኝ። ያን ጊዜ ዘግታችሁ ልጆቼን በምን ላሳድር?

ባሕር ዳር፣ ወጣቶች፦ እትዬ፣ የሚዘጋው የወንዙ መግቢያ እንጂ ሐይቁ አይደለም። ሌላው ዓሣ፣ ቆሮሶና አምባዛው፣ ከሌላ ቦታ ይመጣልሻል።

ነጋዴ፦ የሚመጣው ለሁላችን አይበቃም። ዋጋው ሲወጣ ጠያቂው እኔን ትቶ ከደላላ ይገዛል። አንተ አልሸጥህም፣ እኔ ነኝ የማውቀው።

ጸሐፊ፦ አንድ ነገር ተረስቷል። በአዋጅ ቁጥር 315/1995 መሠረት ቁጥጥሩ በሕግ የተመደበ ተቆጣጣሪ ሥራ ነው። ማኅበር በራሱ የሰው መረብ ቢወስድ የሚከሰሰው ማኅበሩ ነው። ስለዚህ ተቆጣጣሪው ጀልባዋ ላይ መኖር አለበት፤ እሱ ደግሞ የሚኖረው ባሕር ዳር ነው።

ከቁንዝላ፦ አሁን ደግሞ ባሕር ዳር ልትሉ ነው!

ከዘጌ፦ ባሕር ዳር ከሆነችማ የባለሥልጣን መንሸራሸሪያ ሆና ትቀራለች። እዚህስ ከቁንዝላ ጋር ነኝ።

ከሜጫ፦ ላይኛው ወንዝ ላይ ብርብራ የሚባለውን የዛፍ ፍሬ ወቅጦ ውሃው ውስጥ የሚበትን አለ። ዓሣው ደንዝዞ ሲንሳፈፍ ትልቁን ለቅሞ ትንሹን ትቶት ይሄዳል። መግቢያውን አልፎ የመጣው እኛ ጋ ካለቀ የታች ጥበቃው ምን ሊረባ ነው? ከገበሬው ጋር የሚነጋገር ሰው መድቡ።

ሰብሳቢ፦ ልክ ነህ፣ ይገባል። ማን ይጽፈዋል? የቤንዚኑንስ ሒሳብ?

የቦርድ አባል፦ ሁለቱንም እኔ። ነገ ማታ እልካለሁ።

ከዘጌ፦ መጀመሪያ ማደሪያዋ ይወሰን። ቤንዚኑ የሚሰላው ከሚነሡበት ነው።

አንድ ሽማግሌ፦ ልጆቼ፣ እኔ በታንኳ ያሳለፍሁ ሰው ነኝ። የፊተኛው ሞተር ነገር በእርቅ አልቋል፣ ማንም እንዳይደግመው። አንድ ሳምንት ዘጌ፣ አንድ ሳምንት ቁንዝላ ትደር።

ከቁንዝላ፦ በአባታችን ቃል እስማማለሁ። ግን ጠባቂው ዝናብ ላይ አያድርም፣ እኛም ጋ ቤት ይሠራ።

ከዘጌ፦ እኛም ጋ።

ገንዘብ ያዥ፦ ሁለት ቤት ከሆነ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ከቤንዚኑ በለጠ። እንግዲያው ቤት ብቻ ከምንጠይቅ ዓሣ ማራገፊያና ማቀዝቀዣ እንጨምር፤ ረጂ የሚሰጠው ለሚታይ ነገር ነው። ፊሌቶም አይበላሽም።

ነጋዴ፦ ማቀዝቀዣ ካለ እስማማለሁ። ፍልሰታንም ተዉልኝ።

ሰብሳቢ፦ የቤንዚኑ ሒሳብና የብርብራው ጽሑፍ አልደረሰኝም። ላክልን።

ሰብሳቢ፦ ስልክህንም አታነሣም። ዓርብ ነገ ነው።

ሰብሳቢ፦ ረቂቁን አርሜዋለሁ። መዝጊያው ከነሐሴ 17 ይጀምራል። በቁንዝላና በዘጌ የጥበቃ ቤት፣ ማራገፊያና ማቀዝቀዣ ይጠየቃል። ማንም ስላልተነጋገረበት የመንጠቆው ጉዳይ ለሌላ ጊዜ ይቆይ። ብርብራውን የጻፈ ስለሌለ ወጥቷል።

ባሕር ዳር፣ ወጣቶች፦ በነሐሴ 17 ዓሣው ወንዝ መግባት ከጀመረ ሰንብቷል። መንጠቆውስ? ለመዝናናት ነው እያለ በጀልባ እየወጣ ለሆቴል የሚሸጥ ሰው አለ፣ እኛ ፈቃድ አውጥተን እሱ ለምን በነፃ? ወይ ሐምሌን መልሱ ወይ የእኛን ፊርማ አውጡ።

ሰብሳቢ፦ ፊርማችሁ ከሌለ የከተማው ድጋፍ የለም። ዛሬ ማታ ደውሉልኝ።

ከሜጫ፦ እኛም አንፈርም።

ከቁንዝላ፦ ማራገፊያው ከደንገሉ በየት በኩል ነው የሚሠራው? ደንገሉ ተመንጥሮ ከሆነ ቆሮሶ የሚራባው እዚያው ውስጥ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ቦታውን እናንተው ለክታችሁ እስከ ጠዋት ላኩ።