ቲቲፒ ከመውጫ ፈተና በፊት፦ እውነት ይጠቅማል?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር የነርሲንግ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። በቅርቡ ለቲቲፒ፣ ማለትም የተለያየ የጤና ዘርፍ ተማሪዎች ማኅበረሰብ ውስጥ ወጥተን በቡድን ለምንለማመድበት ሥልጠና፣ ወደ አንድ ወረዳ ጤና ጣቢያ እንወጣለን። እኔ ግን ቅር ብሎኛል። መውጫ ፈተናው ደርሷል። እዚያ ቤት ስቆጥር ከምውል ዶርም ሆኜ ባነብ አይሻልም? ከተመረቃችሁ በኋላ የጠቀማችሁ ነገር ካለ እስቲ ንገሩኝ።

ጤና መኮንኑ፦
እህቴ፣ ማታ ማታ ታነቢያለሽ። እኔ ከተመረቅሁ ቆየሁ፤ አሁን ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ነኝ። ከክፍል ትምህርቱ ብዙው ተንኖ ጠፍቷል። የቲቲፒው ግን አለ።

ቤት ለቤት ይዘን የዞርነው መጠይቅ ላይ «መጸዳጃ ቤት አላችሁ?» የሚል ነበረ። ሁሉም «አለን» ይላል። እኛ ምልክት አድርገን ልናልፍ ስንል፣ አብራን የነበረችው የአካባቢ ጤና ተማሪ «እማማ፣ እስቲ ያሳዩኝ» አለች። ጓሮ ዞርን። ጉድጓዱ አለ፤ መንገዱ ላይ ግን ሣር በቅሏል። ሰው የሚመላለስበት መንገድ ደግሞ ሣር አያበቅልም። እማማ ሳቁ። «እሱማ ለጤናዎች ነው የተቆፈረው» አሉን።

ዛሬ ከቀበሌ «መቶ በመቶ» የሚል ሪፖርት ሲመጣልኝ ወጥቼ መንገዱን አያለሁ።

በነገራችን ላይ በቡድን መሥራቱ የቆየ ነው። የጎንደር ጤና ኮሌጅ በ1954 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን (የአካባቢ ጤና ባለሙያ) ያሠለጠነው በቡድን እንዲሠሩ ነው። ኮሌጁ ሊከፈት አንድ ዓመት ሲቀረው፣ እዚያው ጎንደር አጠገብ ያለውን ደምቢያን ወባ ፈጅቶት ነበር። ሐኪም ብቻውን ሆስፒታል ተቀምጦ እንደማይዘልቀው ታይቷል።

ስትወጡ ከራስሽ ዲፓርትመንት ልጆች ጋር ብቻ አትዋይ።

የላብ ልጅ፦
እኛ የወጣንበት ጤና ጣቢያ መብራት ይመጣል፣ ይጠፋል። ማይክሮስኮፑን መስኮት ሥር አስጠግተን፣ በመስታወቱ የፀሐይ ብርሃን እየያዝን ነበር የወባ ስላይድ የምናነበው። ካምፓስ ይህን ያሳየኝ የለም። አሁንም ገጠር ነው የምሠራው፤ ጥሩው መስኮት የእኔ ነው።

ሲቪል ኢንጂነሩ፦
ሁሉንም ልምምድ አንድ አታድርጉት እንጂ። እኔ ኢንተርንሺፕ የወጣሁበት ድርጅት ሳይት እንኳ አላደረሰኝም። ፎቶ ኮፒ ሳነሳ ሴሚስተሩ አለቀ። ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጡኝ፣ በቃ። የእናንተ የሚለየው ሥራው እጃችሁ ላይ ስለሚወድቅ ነው። መጨረሻ ላይ ያገኛችሁትን ለቀበሌው ሰው ፊት ለፊት ታቀርባላችሁ። ያ ባይኖር ሽርሽር ነበር።

ጠያቂዋ፦
እሺ፣ አመሰግናለሁ። ከአካባቢ ጤና ልጆች ጋር መመደብ ይቻል እንደሆነ ነገ እጠይቃለሁ። ኔትወርክስ አለ? ወይስ ፒዲኤፎቼን ከወዲሁ ላውርድ?

ጤና መኮንኑ፦
አውርጂ።