ኢንተርናሽናላይዜሽን፦ ስንት ቀለም፣ ስንት ምዕላድ?

ጠያቂ፦ ይህን የእንግሊዝኛ ቃል በቀለም (በአንድ ጊዜ በሚጠራ የድምፅ ክፍል) ስከፍለው 12 ይወጣኛል፤ መዝገበ ቃላቱ 8 ይላል። የቱ ጋ ነው የሳትኩት?

ደሴዬ፦ አብሽር፣ የቆጠርከው ፊደል ነው። ቀለም የሚቆጠረው በአናባቢ ድምፅ ነው፤ አናባቢ የሌለው ሳድስ ከቀደመው ፊደል ጋር ይለጠፋል። «ኮምቦልቻ» 5 ፊደል ነው፣ ግን ኮም-ቦል-ቻ፣ 3 ቀለም። «ወረባቦ» ሳድስ ስለሌለበት ፊደሉም ቀለሙም 4። ያንተው ቃል እንዲህ ነው፦ ኢን-ተር-ና-ሽን-አል-አይ-ዜ-ሽን። ሲፈጥኑ «ና-ሽን-አል» «ናሽ-ናል» ስለሚሆን 7 የሚሰማው ሰው አልተሳሳተም።

የሐይቅ ልጅ፦ ምዕላዱ (ትርጉም ወይም የሰዋስው ሥራ ያለው ትንሹ የቃል ክፍል) ሌላ ሒሳብ ነው፤ 5 ነው፦ ኢንተር + ኔሽን + አል + አይዝ + ኤሽን። ከዳር ወደ መሐል ላጠው። «ኤሽን» ስም አድርጎታል፣ «አይዝ» ግሥ፣ «አል» ቅጽል። «ኢንተር» የተለጠፈው «ናሽናል» ላይ እንጂ «ኔሽን» ላይ አይደለም፤ «ኢንተርኔሽን» ተብሎ አይቀጠልም። ቅጥያው ሲገባ «ኔ» ወደ «ና» መለወጡንም ልብ በል።

ብዙው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ የቀለም ድንበርና የምዕላድ ድንበር አንድ ይመስለዋል። በ«ዜ» ውስጥ ዝ የ«አይዝ» ነው፣ አናባቢው የ«ኤሽን»። በእኛም «ቤቶች» ቤት + ኦች ነው፣ ሲነበብ ግን ቤ-ቶች። ት እና ኦ በአንድ ፊደል ስለተዋጡ ድንበሩ አይታይም።

ደሴዬ፦ «ኔሽን»ንም «ኔ + ሽን» ብለህ እንዳትቆርጠው። ሥሩ «መወለድ» የሚል የላቲን ግሥ ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን «ኔ» ብቻውን ምንም አይልም። (የኮምፒውተር ሰዎች የ«ኢንተርናሽናላይዜሽን» ርዝመት ሰልችቷቸው ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው ፊደል መካከል ያሉትን 18 የእንግሊዝኛ ፊደላት በቁጥር ተክተው «አይ18ኤን» ይሉታል።)

ጠያቂ፦ እንዲያ ከሆነ ጋሼ፣ «ሄሊኮፕተር» ሄሊ + ኮፕተር ነዋ?

የሐይቅ ልጅ፦ በቀለም ሄ-ሊ-ኮፕ-ተር፣ 4። በሥርወ ቃል ግን ሄሊኮ + ፕተር፤ በግሪክ የመጀመሪያው «ጥምዝ»፣ ሁለተኛው «ክንፍ»። እንግሊዝኛ በቃል መጀመሪያ ላይ «ፕት»ን አብሮ ስለማይጠራ ጆሮ ፕን ወደ ኋላ ስቦ «ኮፕ» አደረገው። ከዚያ የተሳሳተው ቁራጭ ራሱ ምዕላድ ሆነና «ሄሊፖርት» ወለደ። ስለዚህ ሥሩን ለጠየቀህ ሄሊኮ + ፕተር በል፤ የዛሬውን አገባብ ለጠየቀህ ሄሊ + ኮፕተርም ያስኬዳል።