ጣሊያንኛ ሳንችል ከሮም እስከ ቬኒስ በባቡር

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ከእናቴ ጋር ለዕረፍት ወደ ጣሊያን ልንሄድ ነው፤ ሮምን ካየን በኋላ በፍሎረንስ በኩል ቬኒስ ለመድረስ አስበናል። እኔ እንግሊዝኛ እችላለሁ፤ እናቴ ግን ከአማርኛ ውጪ ሌላ ቋንቋ አትናገርም፣ ጉልበቷንም ስለሚያማት ብዙ መራመድ ይከብዳታል። በጣቢያ የሚነገረው ማስታወቂያ ካልገባን ትክክለኛውን ባቡር በምን እናውቃለን? ብንጠፋፋስ? በዚህ መንገድ የተጓዛችሁ ብታስረዱኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ፣ ከሮም፦
ጤና ይስጥልን። እንግዶች ወደ ተርሚኒ ጣቢያ ስሸኝ እንደማየው ሰውን ይበልጥ የሚያደናግረው ድምፁ ሳይሆን ሰሌዳው ነው። ሰሌዳው ላይ የሚወጣው የባቡሩ የመጨረሻ መድረሻ እንጂ እርስዎ የሚወርዱበት ከተማ ስላልሆነ፣ ፍሎረንስ የሚያደርስዎት ባቡር ሚላኖ፣ ቶሪኖ ወይም ቬኔዚያ (ቬኒስ) ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ስለዚህ የከተማ ስም ከመፈለግ ይልቅ ቲኬትዎ ላይ ያለውን የባቡር ቁጥር ከሰሌዳው ጋር ያመሳክሩ፤ ይህን ለማድረግ ጣሊያንኛ አያስፈልግም። «ቢናሪዮ» በሚለው ሥር የሚወጣው ቁጥር ባቡሩ የሚቆምበት መስመር ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚገለጸው መነሻው ሰዓት ሲቃረብ ስለሆነ ባዶ ሆኖ ቢያዩት አይስጉ። ግድግዳ ላይ ከተለጠፉት የሰዓት ዝርዝሮች ቢጫው የመነሻ፣ ነጩ የመድረሻ ነው።

ፍሎረንስ በጣሊያንኛ ፊሬንጼ ሲሆን ለከተማው መሃል የሚቀርበው ጣቢያ ሳንታ ማሪያ ኖቬላ ነው። ቬኒስ ላይ ግን ይጠንቀቁ፦ መጀመሪያ የሚመጣው ሜስትሬ ከባሕሩ ወዲህ የብስ ላይ ያለ ጣቢያ ነውና ስሙ ላይ ቬኔዚያ የሚለውን አይተው አይውረዱ፤ ባቡሩ ረጅሙን ድልድይ ተሻግሮ በ10 ደቂቃ ገደማ ሳንታ ሉቺያ ይደርሳል፣ ከዚያ ሲወጡ ቦዩ ፊት ለፊትዎ ነው።

መልስ፣ ከፍራንክፈርት፦
እኔም አባቴን ይዤ በዚሁ መስመር ሄጃለሁ። በትልልቅ ጣቢያዎች «ሳላ ብሉ» የሚባል፣ መራመድ ለሚቸገሩ መንገደኞች በነጻ የሚያገለግል ክፍል አለ፤ አስቀድመው ካስመዘገቡ ተሽከርካሪ ወንበር አምጥተው እናትዎን እስከ ባቡሩ ድረስ ያደርሷቸዋል። ስለ መጠፋፋቱ፣ የእርስዎን ስልክ ቁጥር፣ የባቡሩን ቁጥር፣ የሚወርዱበትን ጣቢያና የሆቴሉን አድራሻ በጣሊያንኛም በአማርኛም በወረቀት ጽፈው በእጃቸው ይስጧቸው። ስልክ ባትሪው ሊያልቅ ይችላል፤ ወረቀቱን ግን ለማንኛውም የባቡር ሠራተኛ ማሳየት ይችላሉ። ምን እንደተጻፈበትም ቀደም ብለው ያስረዷቸው፤ እናቶቻችን የያዙትን ነገር ሲያውቁት ልባቸው ይረጋጋል።

መልስ፣ ከአዲስ አበባ፦
አንድ ነገር ልጨምር። በፈጣኑ ባቡር የፉርጎውና የወንበሩ ቁጥር ቲኬቱ ላይ አለ። ለክልል ባቡር የወረቀት ቲኬት ከገዙ ግን ከመሳፈርዎ በፊት ጣቢያው ውስጥ ባለችው ትንሽ ማሽን ማስመታት ግዴታ ነው፤ ይህን ያላደረገ ይቀጣል። ሰሌዳው ላይ «ሾፔሮ» የሚል ቃል ካዩ የሥራ ማቆም አድማ አለ ማለት ነው፤ በሥራ ቀናት ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት እና ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር፣ የክልል ባቡሮች በአድማም ቀን አገልግሎት እንዲሰጡ ስለሚደረግ ጉዞዎን ወደዚያ ሰዓት ያዛውሩት።