ስፔክትረም ወይስ ኮሞዶር? ልጁን ሠሪ ያደረገው የትኛው ነው?

ጎማ ቁልፍ፦
ሰላም ቤተሰብ። በ1980ዎቹ እንግሊዝ አገር ላደግን ልጆች አንድ የማይሞት ጠብ አለ። የስፔክትረም ልጅ ነህ ወይስ የኮሞዶር 64? (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) ሁለቱም በ1982 የወጡ የቤት ኮምፒውተሮች ናቸው። ቴሌቪዥን ላይ ይሰካሉ፤ ጨዋታው ከካሴት ይጫናል። ባለፉት ዓመታት ሁለቱም በአዲስ መልክ ተሠርተው ስለተሸጡ ጠቡ እንደገና ተጋግሏል።

እኔ ጥያቄውን እንዲህ ላቅርበው። ልጁን ከተጫዋችነት አውጥቶ ሠሪ ያደረገው የትኛው ነው? መልሴ ስፔክትረም ነው።

መጀመሪያ ዋጋው። ሜሞሪው 16 ኪሎባይት የሆነው 125 ፓውንድ፣ ባለ 48ቱ 175 ፓውንድ ነበር። ኮሞዶር እንግሊዝ ሲገባ የባለ 48ቱ እጥፍ ገደማ ይጠየቅበት ነበር። አባቴ ለንደን ውስጥ የሌሊት ጥበቃ ነበር። በ1983 የ48ቱ ዋጋ ወደ 130 ፓውንድ ሲወርድ «ለትምህርትህ ነው» ብሎ ገዛልኝ። ያቺን ሣጥን ይዞ ከአውቶቡስ ሲወርድ አሁንም ይታየኛል።

ቁልፎቹ ጎማ ናቸው። ግን እያንዳንዱ የፊደል ቁልፍ ላይ ቤዚክ የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ትእዛዝ ተጽፎበታል። «ፒ» የሚለውን ቁልፍ አንዴ ስትጫን ፕሪንት የሚለው ቃል ሙሉውን ይወጣል። እንግሊዝኛዬ ገና ነበር። ፊደል አሳስታለሁ ብዬ ሳልፈራ ፕሮግራም መጻፍ ጀመርኩ። ማኒክ ማይነር የሚባለውን ጨዋታ የሠራው ማቲው ስሚዝም እኮ በ1983 ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለ ልጅ ነበር።

ሰማያዊ ስክሪን፦
ወንድሜ፣ ስለ አባትህ የጻፍከው ልቤን ነክቶታል። በሐሳብህ ግን አልስማማም።

በምሳሌህ ልጀምር። ማቲው ስሚዝ ማኒክ ማይነርን ሲጽፍ የተጠቀመው ቲአርኤስ-80 የሚባል ሌላ ኮምፒውተር ነው። ኮዱን እዚያ ጽፎ ወደ ስፔክትረም ያሻግረው ነበር። ስለዚህ ያ ጨዋታ ለጎማው ቁልፍ ምስክር አይሆንም።

ስለ ስክሪኑም እውነቱን እንነጋገር። የስፔክትረም ስክሪን ስምንት በስምንት ነጥብ በሆኑ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች የተከፋፈለ ነው። በአንዱ ውስጥ ከሁለት ቀለም በላይ አይገባም። ሰውየው በዛፍ አጠገብ ሲያልፍ የዛፉን ቀለም ይለብሳል። ኮሞዶር 16 ቀለም ነበረው፤ ስክሪኑ ላይ እንደ ልብ የሚንቀሳቀሱ ስምንት ምስሎችን ደግሞ ራሱ ቺፑ ይሸከምልሃል።

ድምፁስ? ሲድ የሚባለውን የድምፅ ቺፕ የነደፈው ቦብ ያኔስ ነው። በኋላ የሙዚቃ ኪቦርድ የሚሠራውን ኤንሶኒክን ከመሠረቱት አንዱ ሆነ። የሙዚቃ መሣሪያ ፍቅር ያለው ሰው የሠራው ቺፕ ነው፤ ሲሰማም ያስታውቃል። ሦስት ድምፅ ብቻ ይዞ የጨዋታ ሙዚቃ ደራሲው ሮብ ሃበርድ ምን እንዳወጣበት የሰማ ያውቃል። እኔ አንዳንድ ጨዋታ ጭኜ አልጫወትም ነበር። መግቢያው ላይ ያለውን ሙዚቃ እያዳመጥኩ የቤት ሥራዬን እሠራ ነበር። ዛሬ የድምፅ ሥራ ላይ ነኝ። ያ ማሽን ባይኖር ይህን ሙያ አላውቀውም ነበር። ሠሪ የሚሆነው ኮድ የሚጽፍ ልጅ ብቻ ነው ያለው ማነው?

ጎማ ቁልፍ፦
ስለ ስሚዝ ልክ ነሽ፣ ተቀብያለሁ። የሠራለት ማሽን ስፔክትረም መሆኑ ግን አይቀርም።

ቀለሙን በተመለከተ ጉድለቱ እኮ ነው ብልሃት የወለደው። በ1984 አልቲሜት የሚባለው ድርጅት ናይት ሎር የሚባለውን ጨዋታ አወጣ። ሙሉውን ክፍል በአንድ ቀለም ብቻ ሣሉት። ቀለሙ ስለማይጋጭ ክፍሉን በጥልቀት፣ ከጥግ እንደሚያዩት አድርገው አሳዩን። ያን ቀን ጓደኛዬ ቤት አምስት ልጆች አንድ ቴሌቪዥን ከብበን ማንም ቃል አልተነፈሰም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ኮሞዶር ላይ በቤዚክ ክብ ሥለሽ ታውቂያለሽ? እኛ ሰርክል ብለን ሦስት ቁጥር እንጽፋለን፣ አለቀ። ለድምፅ ቢፕ እንላለን። እናንተ ያ ሁሉ ቀለምና ሙዚቃ ኖሯችሁ ቤዚኩ ውስጥ ለምስልም ለድምፅም አንድ ትእዛዝ አልነበራችሁም።

ሰማያዊ ስክሪን፦
አልነበረንም። ፖክ ነበረን፤ ሜሞሪ ውስጥ ቁጥር የሚያስገባ ትእዛዝ ነው። ፖክ 53280 ነጠላ ሰረዝ 0 ስትል የስክሪኑ ጠርዝ ጥቁር ይሆናል። አርባ ዓመት አልፎት ቁጥሩ ከአፌ አልጠፋም! ያንተ ማሽን ክቡን ሥሎ ሰጠህ። የእኔ ማሽን ደግሞ የትኛው የሜሞሪ ቁጥር ምን እንደሚያዝ እንዳውቅ አስገደደኝ። በ12 ዓመቴ ሜሞሪ ምን እንደሆነ የገባኝ ለዚህ ነው።

ዋጋውን ደጋግመህ አነሳኸው። ጃክ ትራሚል ከአውሽቪትዝ የተረፈ ሰው ነው፤ ኮሞዶርን የመሠረተው እሱ ነው። ርካሽ ማድረግን ከእሱ የበለጠ ማንም አያውቅበትም። አሜሪካ ውስጥ በ595 ዶላር የጀመረውን ማሽን በ1983 ወደ 200 አወረደው። ቺፕ የሚሠራውን ፋብሪካ ራሱ ስለገዛው ነው ይህን የቻለው። ኮሞዶር 64 ቢያንስ ከ12 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ስፔክትረም አምስት ሚሊዮን ገደማ ነው።

የቢቢሲ ልጅ፦
ሁለታችሁም ትምህርት ቤቱን ረሳችሁት። ቤቱ ኮምፒውተር ያልነበረው ልጅስ? እኔ ስፔክትረምም ኮሞዶርም አልነበረኝም። ክፍላችን ውስጥ ግን ቢቢሲ ማይክሮ ነበር። ኬምብሪጅ ያለው ኤኮርን ነው የሠራው፤ መንግሥት ለትምህርት ቤቶች የዋጋውን ግማሽ ይሸፍን ነበር። ኢሊት የተባለው የጠፈር ጨዋታ በ1984 መጀመሪያ የወጣው በእሱ ላይ ነው። ስምንት ጋላክሲ፣ በያንዳንዱ 256 ፕላኔት፣ ያውም በ32 ኪሎባይት! ሌላው ቢቀር ኪሳችሁ ውስጥ ያለውን ስልክ አስቡት። የሚሠራበት የአርም ቺፕ ዘሩ የሚመዘዘው ከኤኮርን ነው።

ጎማ ቁልፍ፦
ይህን አልክድም። ግን ትምህርት ቤት ተራ ጠብቀህ ሃያ ደቂቃ ነው የምታገኘው። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ነበርኩ።

የኔቫ ዳር ተማሪ፦
ልጆቼ፣ ክርክራችሁን ከሥር ከሥር እያነበብኩ ነው። እኔ ለንደንን አላውቃትም። በ80ዎቹ መጨረሻ ሌኒንግራድ ተማሪ ነበርኩ፤ ያን ጊዜ ከአገራችን ብዙ ተማሪ ወደ ሶቪየት ይላክ ነበር።

አንድ ሩሲያዊ ጓደኛዬ ማደሪያ ክፍሉ ውስጥ ማታ ማታ መበየጃ ይዞ ይቀመጣል። የሚሠራው ስፔክትረም ነው! ሱቅ ውስጥ የማይሸጠውን ኮምፒውተር ከገበያ በሰበሰበው ቺፕ እያንዳንዱን በእጁ እየበየደ ሠራው። «ሌኒንግራድ» የሚባል በሰው እጅ የሚባዛ ንድፍም ነበር። ቴሌቪዥኑ ላይ ያ ቀይና ሰማያዊ መስመር ሲሮጥ፣ ካሴቱ ሲጮህ፣ ክፍሉ ውስጥ ያለን ሰዎች ተቃቀፍን።

ለምን ስፔክትረም ሆነ? የኢንጂነር መልስ ልስጣችሁ። ፕሮሰሰሩ ዜድ80 ነው፣ እንደ ልብ ይገኛል። የስፔክትረም አምራች የሆነው ሲንክሌር ራሱ ያሠራው ልዩ ቺፕ አንድ ብቻ ነው፤ ሥራውም በተራ ቺፖች ተከፋፍሎ ሊተካ ይችላል። የኮሞዶር የምስልና የድምፅ ቺፕ ግን ከኮሞዶር ፋብሪካ በቀር የትም የለም። ልጄ ሰማያዊ ስክሪን፣ ያ ውብ ድምፅ ያለ ፋብሪካው አይወለድም። ድሃው ማሽን ግን በበየደው ሰው ቤት ሁሉ ተወለደ። ስለዚህ እኔም ለስፔክትረም ነው የምፈርደው።

ሰማያዊ ስክሪን፦
ጋሼ፣ ይህን ታሪክ አላውቀውም ነበር፤ እናመሰግናለን። በዚህ በኩል ተረትቻለሁ። በሙዚቃው ግን ወይ ፍንክች!

ከቦሌ፦
ጋሼ፣ እኔ የተወለድኩት እነዚህ ማሽኖች ከገበያ ከወጡ በኋላ ነው። ሁለቱንም የማውቃቸው ላፕቶፔ ላይ በኢሙሌተር፣ ማለትም የድሮውን ማሽን በሚያስመስል ፕሮግራም ነው። ለስፔክትረሙ የጠቀመኝ ደግሞ በ1986 የገዛው አምስትራድ የሚባለው ድርጅት በ1999 የሮም ኮዱን (ማሽኑ ውስጥ በቋሚነት የተጻፈውን ፕሮግራም) ለኢሙሌተር በነጻ መፍቀዱ ነው። ልጅነቴ ስላልሆኑ ማንንም አላዳላም። ናይት ሎርን ስጫወት በጣም ከባድ ነው፣ ቶሎ ደከመኝ። የሲድን ሙዚቃ ግን ሥራ ላይ ሆኜ ሁሌም አዳምጣለሁ። ትዝታ የሌለው ሰው ጆሮ ወደ ኮሞዶር ነው ያደላው።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ኢሙሌተር ላይ ጨዋታው በአንድ ሰከንድ ይከፈታል። እናንተ አምስት ደቂቃ ስትጠብቁ ምን ታደርጉ ነበር?

ጎማ ቁልፍ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ወንድሜ። መጀመሪያ የቴፑን ድምፅ ታስተካክላለህ። ከበዛ አይጭንም፣ ካነሰም አይጭንም። እኔ ትክክለኛው ቦታ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጌ ነበር። ከዚያ ማንም እንዳይንቀሳቀስ ትለምናለህ። እናቴ ቡና እየቆላች «ይህ ጩኸት መቼ ነው የሚያበቃው?» ትላለች። ጩኸቱ ካበቃ በኋላ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ እንደገና ከመጀመሪያው።

አባቴ አንዳንድ ሌሊት ከሥራ ሲመለስ ነቅቼ ያገኘኛል። አይቆጣም። አጠገቤ ቁጭ ብሎ የጻፍኩትን አሳየኝ ይላል። አንድ ቀን ስሙን በአማርኛ ፊደል ስክሪን ላይ ጻፍኩለት። ስፔክትረም ላይ 21 ፊደል ራስህ መሣል ትችላለህ፤ እያንዳንዱን በስምንት መስመር ነጥብ በነጥብ። የአባቴ ስም አራት ፊደል ነው። ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

ካሴቱ አሁንም ጓዳ ውስጥ አለ። ይሥራ አይሥራ አላውቅም፤ አርባ ዓመት አልፎታል። ቅዳሜ ቴፕ ተውሼ እሞክረዋለሁ። ድምፁ ከወጣ ቀድቼ ፋይሉን እዚህ አስቀምጥላችኋለሁ። ሰማያዊ ስክሪን፣ አንቺ የድምፅ ባለሙያ ነሽና ጫጫታው ከበዛ እርዳታሽን እፈልጋለሁ።

ሰማያዊ ስክሪን፦
ሳታጸዳው፣ ሳትነካካው እንዳለ ቅዳልኝ። ቀሪውን ለእኔ ተውልኝ።