ጥቆማ፦ የፋብሪካ ቴፕ ከአምፕሊፋየር ጋር፤ ኮንቨርተር ልግዛ ወይስ ቴፑን ልቀይር?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ወንድሜ ባለ 4 ቻናል አምፕሊፋየር ሰጠኝ። የመኪናዬ ቴፕ ግን ከፋብሪካ ጋር የመጣው ነው፤ ከኋላው የአርሲኤ መሰኪያ (ድምፁን ወደ አምፕሊፋየር የሚያወጣው) የለውም። አንዱ «ቴፑን ቀይረው» ይለኛል፣ ሌላው «የስፒከሩን ድምፅ ወደ አርሲኤ የሚቀይር ኮንቨርተር ይበቃሃል» ይላል። የሞከራችሁ ጠቁሙኝ። ገመዱስ ምን ዓይነት ይሁን?

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ ብር ከማውጣትህ በፊት አምፑን አገላብጠህ እየው። «ሃይ ሌቭል» ወይም «ስፒከር ኢንፑት» የሚል ሶኬት ካለው ኮንቨርተርም አያስፈልግህም። ከቴፑ የሚወጡትን የስፒከር ገመዶች በቀጥታ ይቀበላል። ስንቱ ሰው ይህን ሳያይ ዕቃ ገዝቷል መሰለህ!

ከሌለው ወደ ምርጫው እንግባ። ርካሾቹ ኮንቨርተሮች ውስጣቸው ትናንሽ ትራንስፎርመር ነው። ይሠራሉ፣ ግን ወፍራሙን ቤዝ ሊያሳሱት ይችላሉ። እንደ ኦዲዮኮንትሮል ኤልሲ2አይ ያሉት የራሳቸው 12 ቮልት ይሰጣቸዋል፤ ድምፅ ሲመጣ ራሳቸው ነቅተው አምፑንም ያስነሱታል። ቴፕህ ከካሜራና ከኤሲ ጋር የተሳሰረ ከሆነ እኔ ወደዚህ አደላለሁ፤ ቴፑን መንቀል ጣጣው ብዙ ነው።

ቴፑ ተራ ከሆነ ግን ቀይረውና ተገላገል። ካርቶኑ ላይ «50 ዋት በ4» የሚለው አይሸውድህ፤ ሳይቋረጥ የሚሰጠው 20 ዋት አካባቢ ነው። አንተ የምታየው የአርሲኤውን ቮልት ነው። 2 ቮልት ያስኬዳል። 4 ካገኘህ ጌይኑን ዝቅ ታደርጋለህ፣ ሽሽሽ የሚለውም ይቀንሳል። ጌይን ደግሞ የድምፅ መጨመሪያ አይደለም፤ አምፑን ከቴፑ ጋር ማመጣጠኛ ነው።

አምፑን የሚያስነሳው ነጭ ሰረዝ ያለበት ሰማያዊ ገመድ ነው። ሙሉ ሰማያዊው የአንቴና ነው። በአንዳንድ ቴፖች ሬዲዮ ሲከፈት ብቻ ኃይል ስለሚሰጥ፣ አምፑን ከእሱ ጋር ካገናኘኸው ወደ ብሉቱዝ ስትዞር አምፑ ድርግም ይላል።

ከባትሪው ወደ አምፑ በሚሄደው ገመድ ላይ አትሰስት። ርካሹ ኪት ብዙ ጊዜ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርገው፤ ውስጡ ከነጣ አሉሚኒየም ነው። እሱን የምትወስድ ከሆነ አንድ ደረጃ የወፈረውን ውሰድ። አምፑ ላይ ያሉትን ፊውዞች ደምር፤ 50 አምፒር አካባቢ ከሆነ ባለ 8 ጌጅ (የውፍረት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ገመዱ ይወፍራል) መዳብ፣ ወደ 100 ከተጠጋ ባለ 4። ከባትሪው በ45 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ደግሞ ዋና ፊውዝ ይግባ። ይህ ፊውዝ ለአምፑ ሳይሆን ለመኪናው ነው፤ ገመዱ ተልጦ ብረት ቢነካ እሳት የሚያስቀረው እሱ ነው።

መልስ 2፦
ስለ ዕቃው ተባለ፣ እኔ ስለ ሠሪው ልጨምር። መጀመሪያ ያሠራሁበት ቦታ ጨዋታቸው ደስ ይላል፣ እጃቸውም ፈጣን ነው። ነዳጅ ስረግጥ ግን ስፒከሩ ያፏጫል፤ ሞተሩ ሲጮህ እሱም አብሮ ይጮኻል። ዲናሞው ነው ተባልኩ። ሌላ ባለሙያ የአምፑን ግራውንድ (ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረውን ገመድ) ፈታና አሳየኝ፤ ቡሎኑ የታሰረው በቀለም ላይ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ነጩ ብረት እስኪወጣ ፈግፍጎ መልሶ አሰረው። የአርሲኤውንም ገመድ ከባትሪው መስመር ለይቶ በሌላኛው ጎን አሳለፈው። ፉጨቱ ጠፋ። ስለዚህ ሠሪ ስትመርጥ «ግራውንዱን የት ታስረዋለህ?» በለው። «የትም ይሆናል» ካለህ ቁልፍህን ተቀበል። የወንበር ቀበቶ ቡሎን ላይም እንዳያስርብህ።

ጠያቂው፦
ኧረ ተባረኩ! አገላብጬ አየሁት፤ «ሃይ ሌቭል» የሚል ነጭ ሶኬት አለው። የሚሰካበት ገመድ ግን የለም። ራሴ ብቀጥለውስ?

መልስ 1፦
በአምፑ ሞዴል ቁጥር ፈልገው፣ ገመዱ ለብቻው ይሸጣል። ስትቀጥል የስፒከሮቹን ኔጌቲቭ ሰብስበህ ከመኪናው ብረት ጋር እንዳታስር፤ ቴፑን ታቃጥለዋለህ። ለእያንዳንዱ ስፒከር ሁለቱም ገመድ ለየብቻ ይግባ። ከመጀመርህ በፊት ደግሞ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀል። የቴፑ ኮድ ካለው አስቀድመህ ያዘው፣ አለበለዚያ ሲመለስ ይጠይቅሃል።