የ17 ዓመት የመስመር ተጫዋች፣ የክለብ ውልና «የአሜሪካ ኮሌጅ» ደላላ፦ ምን ይሻላል?

የዓባይ ማዶ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ እዚሁ ባሕር ዳር የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው። የግራ መስመር ተጫዋች፣ ቁመቱ 1.71፣ የተወለደው ኅዳር 2001። ከ13 ዓመቱ ጀምሮ በቀበሌ ፕሮጀክት ይሠለጥናል።

ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ መጣብን። ሌላ ከተማ ያለ የታችኛው ሊግ ክለብ የ2 ዓመት ውል አቅርቦለታል። ደመወዝና የፊርማ ገንዘብ አለው፣ ግን ትምህርቱን አቋርጦ መሄድ አለበት። በሌላ በኩል አንድ ደላላ «በአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል ሙሉ ስኮላርሺፕ አስገኛለሁ» ብሎ 150 ሺህ ብር ቅድሚያ፣ ከስኮላርሺፑም 10 በመቶ ጠየቀን። «ይህን ከፈረማችሁ ቦታው ተያዘ» ብሎ የሰጠን ወረቀት ላይ ናሽናል ሌተር ኦፍ ኢንቴንት የሚል ተጽፏል።

የአሜሪካው ነገር እውነት አለ? እዚህ ቢፈርም ያ በር ይዘጋበታል? ደግሞ በ15 ዓመታቸው ሰፈሩ ሁሉ ያጨበጨበላቸው ልጆች 20 ሳይሞላቸው የሚጠፉት ለምንድን ነው? እናታችን ከመወሰኗ በፊት የሚያውቅ ሰው እንዲነግረን እፈልጋለሁ።

ሽምብጥ

እህቴ፣ ለደላላው አንድ ብር እንዳትከፍሉ። የሰጣችሁ ወረቀት ራሱ ያጋልጠዋል። ናሽናል ሌተር ኦፍ ኢንቴንት የሚባለው፣ ተማሪ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ለመጫወት ቃል የሚገባበት አሠራር እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 ቀርቷል። አሁን ተማሪ የሚፈርመው ከዩኒቨርሲቲው ጋር የሚያደርገውን የገንዘብ ድጋፍ ስምምነት ነው፣ እሱንም የሚልክላችሁ ዩኒቨርሲቲው ነው። 10 በመቶው ደግሞ ከ150 ሺህ ብሩ የከፋ ነው። ኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ በተወሰነ ዋጋ ቪዲዮና ኢሜይል የሚያዘጋጅ አገልግሎት ይፈቅዳል። ከሚገኘው ስኮላርሺፕ ድርሻ የሚቆርጥ አገናኝ ግን የልጁን ብቁነት፣ ማለትም በኮሌጅ ውድድር የመጫወት መብቱን፣ ያበላሻል።

ዕድሉ ራሱ እውነት ነው። እዚያ «ፉትቦል» የሚሉት ሞላላውን ኳስ በእጅ የሚይዙበትን ጨዋታ ነው፤ የእኛው «ሶከር» ይባላል። ገንዘቡም ቲፎዞውም ያለው ፉትቦሉ ጋ ነው። የሚሺጋንና የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲዎች ሲገናኙ ከ100 ሺህ በላይ ሰው ይገባል። ለወንዶች ሶከር የሚደርሰው ትንሽ ነው፦ ከኤንሲኤኤ 3 እርከኖች በላይኛው፣ በዲቪዚዮን 1፣ ለረጅም ዓመታት ለመላው ቡድን የተፈቀደው 9.9 ስኮላርሺፕ ነበር፣ ለ25 ወይም ለ30 ልጅ ተሸንሽኖ። ከ2025 ወዲህ አዲሱን አሠራር የተቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች የስኮላርሺፕ ጣሪያው ተነሥቶላቸው የቡድኑ ብዛት በ28 ተገድቧል፣ ግን ሁሉም ለ28ቱ ይከፍላል ማለት አይደለም። «ሙሉ ስኮላርሺፕ» ብሎ ከወዲሁ ቃል የሚገባ ሰው አትመኑ።

ዲቪዚዮን 2 ከፊል ድጋፍ ይሰጣል። ዲቪዚዮን 3 በስፖርት ስም ምንም አይሰጥም፣ በትምህርት ውጤትና በቤተሰብ አቅም ብቻ ነው። ከኤንሲኤኤ ውጭ ሌሎች የኮሌጅ ስፖርት ማኅበራት፣ ኤንኤአይኤ እና የ2 ዓመት ኮሌጆቹ ኤንጄሲኤኤ አሉ። ከእኛ አገር ለሚነሣ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው በር የ2 ዓመቱ ኮሌጅ ነው፤ ክፍያው ዝቅ ይላል፣ ከዚያም ወደ 4 ዓመት ዩኒቨርሲቲ መዛወር ይቻላል።

ትምህርቱን በተመለከተ፣ ለዲቪዚዮን 1 ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል 16 ዋና ትምህርቶች ይቆጠራሉ፦ እንግሊዝኛ 4፣ ሒሳብ 3፣ ሳይንስ 2፣ ከእነዚህ ከሦስቱ ተጨማሪ 1፣ ማኅበራዊ ሳይንስ 2፣ ቀሪው 4 ከተፈቀዱት። አማካዩ ከ4 ቢያንስ 2.3 መሆን አለበት፣ ለዲቪዚዮን 2 ደግሞ 2.2። የሰውነት ማጎልመሻ አይቆጠርም፤ እሱ ላይ 98 አምጥቶ ሒሳብ የወደቀ ልጅ ምንም አላተረፈም። ኤስኤቲ የሚባለው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ከ2023 ጀምሮ የኤንሲኤኤ መስፈርት አይደለም፣ የእንግሊዝኛ ፈተና ግን ዩኒቨርሲቲው ራሱ ይጠይቃል።

አብዛኛው ሰው የማያሰላው ቀኑን ነው። ወንድምሽ 12ኛን የሚጨርሰው በ2019 ክረምት ነው፣ በእነሱ በ2027። የፈተናው ውጤት እስኪወጣ የእነሱ ኦገስት ያልፋል። በዲቪዚዮን 1 ደንብ ከምረቃ በኋላ 1 ዓመት ብቻ በነፃ ይታለፋል። ከዚያ በኋላ በተደራጀ ውድድር የተጫወተበት እያንዳንዱ ዓመት በኮሌጅ ከሚፈቀድለት አንድ የውድድር ዘመን ይበላበታል፣ ሲገባም አንድ ዓመት ቁጭ ይላል። ስለዚህ ዒላማችሁ ጃንዋሪ 2028 ይሁን፤ ከኦገስት 2028 እንዳያልፍ። የሶከር ውድድር ከኦገስት መጨረሻ እስከ ዲሴምበር ስለሆነ በጃንዋሪ የገባ ልጅ ለመልመድ ጊዜ ያገኛል። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ የቆየባቸው ወራት ካሉም ትምህርት ቤቱ ወራቱን ጠቅሶ፣ በማኅተም ደብዳቤ ይጻፍላችሁ። ትራንስክሪፕቱ ላይ የሚታይ ክፍተት ያለ ማብራሪያ ከቀረ ፋይሉ ለወራት ይቆማል።

ገንዘቡን በምሳሌ ላሳይሽ። የዓመቱ ወጪ 40 ሺህ ዶላር ቢሆንና ዩኒቨርሲቲው 25 ሺህ ቢሸፍን፣ ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልገውን አይ-20 የሚባል ወረቀት ለማግኘት ቀሪውን 15 ሺህ የሚከፍል ሰው በባንክ ማስረጃ መቅረብ አለበት። ከዚያ በኋላ 350 ዶላር የሴቪስ (የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ)፣ 185 ዶላር የቪዛ ክፍያ አለ። ስንት ልጅ ኳስ ሳያንሰው እዚህ ላይ ይቀራል።

የፕሮጀክት አሠልጣኝ

ሽምብጥ ያለውን ሳልደግም ስለ ክለቡ ውል ልናገር።

በፊፋ ደንብ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች የሚፈርመው የሙያ ውል ከ3 ዓመት መብለጥ አይችልም፤ ስለዚህ 2 ዓመቱ ሕጋዊ ነው። ችግሩ ያለው ውስጡ ነው። ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህ በጽሑፍ ይኑሩ፦ የፊርማው ገንዘብ የሚከፈልበት ቀን፣ ጉልበቱ ቢበጠስ ኦፕሬሽኑን የሚከፍለው ማን እንደሆነ፣ ትምህርት ቤት የሚገባበት ሰዓት፣ ውሉ ሲያልቅ ቲሴራውን (የተጫዋችነት መታወቂያውን) ያለ ክፍያ እንደሚለቁለት። አንድ ቅጂ እናትሽ እጅ ይቅር። የ2 ወር ደመወዝ ካልተከፈለው በጽሑፍ አስጠንቅቆ፣ 15 ቀን ጠብቆ ውሉን ማፍረስ ይችላል፤ ቅጂው በእጁ የሌለ ልጅ ግን በምን ያስረዳል?

ለአሜሪካው ደግሞ፣ ከምግቡ፣ ከመጓጓዣውና ከማደሪያው በላይ ደመወዝ የሚከፍል ውል ብቁነቱን ጥያቄ ውስጥ ያስገባል። ሁለቱን በሮች ክፍት ማድረግ ከፈለጋችሁ እዚሁ በተስፋ (የወጣቶች) ቡድን፣ ያለ ሙያ ውል ቢጫወት ይሻላል። ወደ ውጭ ክለብ የሚያስበው ካለም ከ18 በፊት ዓለም አቀፍ ዝውውር በጠባብ ሁኔታዎች ካልሆነ የተከለከለ ነው፤ ወንድምሽ 18 የሚሞላው ኅዳር 2019 ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄሽ ልምጣ፤ ለእኔ ዋናው እሱ ነው።

የዕድሜ ምድብ የሚቆረጠው በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1፣ በእኛ በታኅሣሥ 22 ወይም 23 ነው። በዚህ ስሌት ጥር 2000 የተወለደና ኅዳር 2001 የተወለደ ልጅ ሁለቱም በፈረንጆቹ የ2008 ናቸው፣ አንድ ምድብ ውስጥ ይጫወታሉ። በመካከላቸው ግን 10 ወር አለ። በ13 እና በ14 ዓመት 10 ወር ማለት የአንድ ራስ ቁመትና የሜዳውን ግማሽ በሩጫ መቅደም ነው። መልማይ ለ40 ደቂቃ መጥቶ የሚያየው ትልቁን ነው። ትልቁ በጉልበቱ ስለሚያሸንፍ ግራ እግሩን አይማርም፣ ኳስ ከመቀበሉ በፊት ዞር ብሎ ማየትን አይማርም። በ18 ዓመታቸው ቁመቱ ሲስተካከል የሚያሸንፍበት ያጣል። ትንሹ ደግሞ ያኔ አልተመረጠምና ቤቱ ገብቷል። ሁለት ልጅ በአንድ ምልመላ የሚባክነው እንዲህ ነው። ወንድምሽ የኅዳር ልጅ ሆኖ እስካሁን መቆየቱ ራሱ ጥሩ ምልክት ነው።

ይህን ለመከላከል ውድ ነገር አያስፈልግም። በየ3 ወሩ ቁመት ግድግዳ ላይ ለክቶ መመዝገብ፣ በ3 ወር 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ከዘለለ የዝላይና የፍጥነት ሥራውን መቀነስ፣ በወር አንድ ቀን ልጆቹን በዕድሜ ሳይሆን በቁመት ከፍሎ ማጫወት። ትንሹ ኳስ ይነካል፣ ትልቁም ማሰብ ይገደዳል።

ሁለተኛው ገዳይ የዕድሜ ቅነሳ ነው። ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ለ17 ዓመት በታች ውድድሮች የእጅ አንጓን በኤምአርአይ ያያል፤ የአጥንቱ ጫፍ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ተጫዋቹ ይወጣል። 3 ዓመት የቀነሰ ልጅ በአንድ ቀን ምርመራ 5 ዓመት ሥልጠናውን ያጣል፣ ቦታው ሊሰጠው የሚገባው እውነተኛው የ16 ዓመት ልጅም ከዚያ በፊት ተባርሯል።

ሦስተኛው ጉዳት ነው። ከየካቲት እስከ ግንቦት ሜዳችን ደርቆ እንደ ድንጋይ ሲሆን በረጅም ብሎን ታኬታ የሚጫወት ልጅ ቁርጭምጭሚቱንና ጉልበቱን ይከፍላል። አጭርና ብዙ ጥርስ ያለው ታኬታ ይልበስ። ፊፋ 11 ፕላስ የሚባለውን ማሟሟቂያ በሳምንት ቢያንስ 2 ጊዜ ይሥራ፦ 20 ደቂቃ፣ 15 እንቅስቃሴ፤ 8 ደቂቃ ሩጫ፣ 10 ደቂቃ ጥንካሬና ሚዛን፣ 2 ደቂቃ ፈጣን ሩጫ። ብዙዎቻችን የመካከለኛውን 10 ደቂቃ እንዘላለን፤ ጉዳት የሚቀንሰው ግን እሱ ነው።

ተቀናቃኝነቱም ድርሻ አለው። ባሕር ዳር ከተማ በ2010 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊግ ካደገ ወዲህ ከፋሲል ከነማ ጋር ያለው ፉክክር ሜዳ የሚሞላ፣ ክልሉን ያነቃቃ ነው። ግን በእንዲህ ያለ ሳምንት የትኛውም አሠልጣኝ ለ18 ዓመት ልጅ ቦታ አይሰጥም፣ ሽንፈቱ ሥራውን ያስከፍለዋላ። ስለዚህ ክለቦች በየዝውውር መስኮቱ የበሰለ ተጫዋች ይገዛሉ፣ የተስፋ ቡድኑ ልጅ ወንበር ላይ ያድጋል። ልጁን ለክለብ ስትሰጡ «ባለፈው ዓመት ከተስፋ ቡድን ስንት ልጅ አሳደጋችሁ፣ ስንት ደቂቃ ተጫወቱ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ በቁጥር ይሁን።

ሽምብጥ

አሠልጣኝ ያነሡት ወንበር ላይ ማደግ እዚያም አለ። ከኮሌጅ ፉትቦል ለምልመላ ከሚቀርቡት ውስጥ ወደ ሙያ ሊጉ፣ ወደ ኤንኤፍኤል፣ የሚገቡት 2 በመቶ አይሞሉም። የሚለየው የቀረው ልጅ ብዙ ጊዜ ዲግሪ ይዞ መውጣቱ ነው። 11ኛን አቋርጦ ለ2 ዓመት ውል የሄደ ልጅ ጉልበቱ ቢጎዳ ምን ይዞ ይመለሳል?

የዓባይ ማዶ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ለደላላው አንከፍልም። ቪዲዮውን ራሳችን ለመሥራት ምን ያስፈልጋል? ደግሞ የልደት ካርዱ ላይ «2001» ብቻ ነው ያለው፣ ዓ.ም. አልተጻፈበትም። ችግር አለው?

ካሜራ ያዥ

ለቪዲዮው ስልክ ይበቃል። ስልኩን አግድም ያዢ፣ የምስል ጥራቱን 1080 አድርጊ፣ በሴኮንድ 60 ምስል። ከሜዳው አጋማሽ ትይዩ፣ ከፍ ካለ ቦታ ቁሚ፤ ከመሬት የተቀረጸ ቪዲዮ የልጁን አቋቋም አያሳይም። ከሰዓት የሚጫወቱ ከሆነ ጀርባሽን ለምዕራብ ስጪ፣ አለዚያ ተጫዋቾቹ ጥላ ብቻ ይሆናሉ። ልጁን ብቻ እያጎላሽ አትከተዪ፤ አሠልጣኞች ኳስ ሳይዝ የት እንደሚቆም ማየት ይፈልጋሉ።

ቅንብሩ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይሁን። ምርጡን መጀመሪያ አድርጊ። ከእያንዳንዱ ትዕይንት በፊት ለ2 ሴኮንድ አቁመሽ ክብ አድርጊበት። ሙዚቃ አትጨምሪ። ለመስመር ተጫዋች ጎል ብቻ አይበቃም፦ አንድ ለአንድ ማለፍ፣ በግራ እግር ማሻማት፣ ኳስ ሲጠፋ ወደ ኋላ መመለስ ይኑሩ። ያልተቆረጠ ሙሉ ጨዋታም በሊንክ አያይዢ፤ ቅንብሩን የወደደ አሠልጣኝ ቀጥሎ የሚጠይቀው እሱን ነው። ኢሜይሉን ልጁ ራሱ ይጻፈው፣ 10 መስመር ቢሆን ይበቃል፦ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ቦታ፣ ቁመት፣ ጠንካራ እግር፣ የሚመረቅበት ዓመት፣ አማካይ ውጤት፣ ሊንክ። የዲቪዚዮን 1 አሠልጣኝ ከ10ኛ ክፍል በኋላ ካለው ጁን 15 ጀምሮ መመለስ ይችላል፤ ወንድምሽ ያን አልፏል፣ ስለዚህ ዛሬ መላክ ይችላል።

ሽምብጥ

የልደት ካርዱ ትልቅ ችግር አለው፣ ከቪዲዮው በፊት እሱን ጨርሱ። «2001» ብቻውን ሲነበብ ፈረንጅ የራሱን 2001 ያደርገዋል፣ ልጁም 7 ዓመት ያረጃል። ኅዳር 2001 በእነሱ ኖቬምበር ወይም ዲሴምበር 2008 ነው። ወሳኝ ኩነት ሄዳችሁ በሁለቱም አቆጣጠር፣ ቀኑ ጭምር የተጻፈ የልደት ምስክር ወረቀት አውጡ። ፓስፖርቱ በዚያ ይሠራ፤ የስሙ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ በትራንስክሪፕቱ፣ በፓስፖርቱና በቲሴራው ላይ ፊደል በፊደል አንድ ይሁን። ትምህርት ቤቱ በሌላ ፊደል ጽፎት ከሆነ 12ኛ ክፍል ፈተና ከመመዝገቡ በፊት አስተካክሉ፣ ከዚያ በኋላ ሰርተፍኬቱ ላይ ታትሞ ይወጣል።